ሳቅ በሊማሊሞ መንገድ

«ውጣ ውረድ» ማለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ለማስረዳት የፈለገ መዝገበ ቃላት ማገላበጥ አያሻውም። ደባርቅ ድረስ ወስዶ ሊማሊሞን ማሳየት ይበቃዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገደሉን እየቦረቦረ የሠራው ይህ መንገድ ከብርዳሙ ደባርቅ ተነሥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ቁልቁል ስትወርዱ ቀና ብላችሁ ብታዩ ከደቂቃዎች በፊት ያለፋችሁበት መንገድ ከአናታችሁ በላይ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። ሽቅብ ስትወጡ ደግሞ ደረስን ስትሉ ሌላ ጥምዝ ይጠብቃችኋል። ሾፌሩ ከጥምዙ ወዲያ ያለውን አያይም፤ ክላክሱን እየነፋ በእምነት ይዞራል።

ሰሞኑን ይህን መንገድ ያስታወሰኝ መኪና ሳይሆን ቀልደኛ ነው። ቡና ቤት የምትቀመጡ ከሆነ ይህን ወሬ ሳትሰሙት አትቀሩም። አንዱ ድንገት ይነሣና «ያ ኮሜዲያን የት ገባ? ጠፋ እኮ!» ይላል። ሁለተኛው «አሜሪካ ነው አሉ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው «ኧረ እዚሁ ነው፤ በቀደም መርካቶ ዕቃ ሲገዛ አይቼዋለሁ» ብሎ ይከራከራል። አራተኛው ማኪያቶውን እያማሰለ «ቢኖርስ! አሁን እኮ አያስቅም» ብሎ ፍርዱን ይሰጣል። ምስክር ሳይሰማ ችሎቱ ይዘጋል፤ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

እኔን የገረመኝ የፍርዱ ፍጥነት ነው። አሳዛኝ ፊልም ሲሠራ የኖረ ተዋናይ ሲያረጅ «አንጋፋ» ይባላል፤ ሽልማት ሲሰጥ መድረክ ላይ ተደግፎ ይወጣል፤ አዳራሹም ቆሞ ያጨበጭባል። ኮሜዲያን ሲያረጅ ግን «አያስቅም» ይባላል። ትናንት ያሳቀንን ዛሬ አንቆጥርለትም። ዳቦ ጋጋሪን «የትናንቱ ዳቦህ ጥሩ ነበር፤ የዛሬውን አምጣ» እንደምንለው ነው። እንዲያውም ዳቦ ጋጋሪው ይሻላል፤ ያንኑ ዳቦ ቢደግመው ማንም አይቆጣውም። ቀልድ ግን አንዴ ከተበላ አለቀ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በእኛ በጎንደር በኩል ሳቅ የቆየ ሙያ ነው። አዝማሪው አለ፤ ድግስ ላይ ታዳሚውን በነገር የሚያንከባልል ጨዋታ አዋቂ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አለቃ ገብረ ሃና አሉ። አለቃ ከፎገራ የተገኙ ሊቅ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዘንድ «የተክሌ» የሚባለው የአቋቋም ስልት ከእርሳቸው እንደመጣ ይነገራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ በሚቆም ደብተራ ዘንድ ትልቅ ስም ነው። ታዲያ አገሩን ሁሉ ዞራችሁ «አለቃ ገብረ ሃና ማን ናቸው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ስለ አቋቋማቸው የሚነግራችሁ ስንቱ ነው? ሁሉም የሚነግራችሁ ቀልዳቸውን ነው። ግማሹን ቀልድ ደግሞ እርሳቸው ተናገሩትም አልተናገሩትም ለእርሳቸው ሰጥተነዋል። ሳቅ የሰውየውን ሌላ ሥራ ሁሉ ይበላበታል። ቀልደኛ ሆነህ ከተጠራህ ሊቅነትህ ይቀራል።

በዘመናዊው መድረክም ቢሆን ሳቅ ቀድሞ ወጥቶ ቀድሞ የወደቀ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር የሚባለው የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሥራ አሳዛኝ ድራማ አልነበረም፤ በእንስሳት እያመካኘ ሹማምንቱን የሚነካካ ኮሜዲ ነበር። በ1910ዎቹ ታየ፤ ወዲያው ታገደ። የኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ በሳቅ ተጀምሮ በ«ዝም በል» ቀጠለ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መድረኩ ላይ የነገሠው ተግሣጽና ቁም ነገር ነበር።

ሲኒማውም ኮሜዲያንን እጁን ዘርግቶ አልተቀበለውም። አዲስ አበባ ውስጥ ፊልም ማሳየት ሲጀመር ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደሰየመው ታውቃላችሁ። ሰይጣን ቤት ገብቶ መሳቅ ደግሞ ድርብ ኃጢአት ነው። በኋላ የራሳችንን ፊልም መሥራት ስንጀምርም የጀመርነው በፊት መቋጠር ነው። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ስሙ ራሱ የሐዘን ጥያቄ ነው። በ1966 ዓ.ም. የወጣው «ጉማ» የደም ነገር ነው። የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ በዚያው ዘመን ግድም በሠራው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ውስጥ ከበበ የሚባል «እብድ» አለ። መሬቱን የተነጠቀ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚናገር፣ ሰው እየሳቀ የሚያልፈው ሰው ነው። መላኩ መኮንን የተጫወተው ይህ ከበበ ፊልሙ ውስጥ እውነቱን ደፍሮ የሚናገር ሰው ነው። የሚያስቅ ሰው ፊልም ውስጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ያኔውኑ ታይቶ ነበር። ግን ያንን መንገድ የተከተለው ጥቂት ነው።

ታዲያ ቀልደኞቻችን የት ነበሩ? መድረክ ላይ፣ በዓል ሲመጣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ከዚያም ካሴት ውስጥ ነበሩ። አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀና ሀብቴ፣ ተስፋዬ ካሣ... እነዚህን ስሞች ለመስማት በአንድ ዘመን ዶሮ ወጡ እስኪደርስ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተኮልኩለን እንጠብቅ ነበር። ደባርቅ ላይ ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር በነበረበት ጊዜ የበዓል ዕለት ያ ቤት ሳሎን ሳይሆን ስታዲየም ነበር። የዓመት በዓል ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ቀልዱ በሰው አፍ ይዞር ነበር። አንዱ ከጎንደር የሰማውን ዳባት ያደርሰዋል፤ ዳባት ያለው ደባርቅ ያወጣዋል፤ ደባርቅ ያለው ስካውት ሳንቃበርና ጨነቅ ድረስ ተሸክሞት ይሄዳል። ጨነቅ ሲደርስ ቀልዱ እንደ መነሻው አይሆንም፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያ ይጨመርበታል። ጨነቅ ማለት ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ግድም ያለ ስፍራ ነው። በዚያ ብርድ እሳት ከበው ለሚያድሩ ሰዎች ቀልድ እንደ ጋቢ ነው። «ስሙ ጨነቅ ይሁን እንጂ እዚያ ያደረ አይጨንቀውም» ይሉ ነበር የሰፈራችን ተረበኞች።

ካሴት ለቀልደኛው ነፃነት ነበር። ምክንያቱን ልንገራችሁ። በካሴት ላይ አንዱ ሰውዬ ባልም ሚስትም ነው፤ ፖሊስም ሌባም ነው፤ ሲያሻው አህያም ይሆናል። ልብስና መብራት አያስፈልገውም። ሦስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሠርግ ደግሶ፣ ሙሽራውን አጣልቶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አስታርቆ ይጨርሳል። ቀልዱን የሚጽፈው ራሱ፣ የሚያዘጋጀው ራሱ፣ የሚጫወተው ራሱ ነው። ድህነቱ እንዳለ ሆኖ የቤቱ አባወራ ነበር።

ከዚያ የፊልሙ ጊዜ መጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ፊልሞች ሰውን ሲኒማ ቤት በር ላይ አሰለፉት። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የአድማሱ ከበደ «የወንዶች ጉዳይ» መጣና ሳቅም ሰልፍ እንደሚያስይዝ ለፕሮዲዩሰሮች አሳየ። ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! አዲስ አበባ ውስጥ በየሳምንቱ አዲስ ፖስተር ሆነ፤ ግማሹም «አስቂኝ የፍቅር ፊልም» ነበር። ፍቅሩ ለቆንጆዎቹ፣ አስቂኙ ለኮሜዲያኑ ተከፋፈለ። በካሴት የምናውቃቸው፣ በመድረክ ያየናቸው ቀልደኞች ተራ በተራ ፊልም ውስጥ ብቅ አሉ። እኛም እንደ ዘመድ ሹመት ደስ አለን።

ሽቅቡ ይሄ ነው። ጥምዙን ግን ከወዲሁ ያየው አልነበረም። ሲኒማ ቤት ገብታችሁ ካስተዋላችሁ ነገሩ እንዲህ ነበር። ፖስተሩ ላይ የኮሜዲያኑ ፊት ገደል ያክላል። ፊልሙ ውስጥ ግን ሦስት ወይም አራት ቦታ ብቅ ይላል፦ ዘበኛ ሆኖ፣ ደላላ ሆኖ፣ የዋናው ተዋናይ ጓደኛ ሆኖ። ታሪኩ ሲከብድ ይጠሩታል፤ ሲቀል ያስወጡታል። የበርበሬ ሥራ ነው የተሰጠው። በሁለተኛው ፊልም ያው ዘበኛ ነው፤ በሦስተኛውም ያው ዘበኛ፤ ኮቱ ብቻ ተቀይሯል። በአራተኛው ተመልካቹ «ሰለቸን» ይላል። ፕሮዲዩሰሩም ተመልካቹን ይሰማና ሌላ ኮሜዲያን ይጠራል። የሰለቸን ዘበኛው ነበር፤ የተባረረው ግን ሰውየው ነው።

በ2003 ዓ.ም. አጎቴ ለሕክምና ከዳባት አዲስ አበባ መጡ። የዓይን ሕክምና ነበር፤ ከተሳካላቸው በኋላ «በተገዛ ዓይንዎ አንድ ነገር ይዩበት እንጂ» ብዬ ሲኒማ ወሰድኳቸው። የፊልሙን ስም አልጠራም፤ ከእነዚያ አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች አንዱ ነበር። ኮሜዲያኑ እንደተለመደው ከገጠር የመጣ ዘበኛ ነው። ሳሎን ይገባና ለባለቤቲቱ በእኛ አገር አነጋገር «እሜቴ፣ ውኃ ቢጤ አይታጣም?» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከፊታችን ያለ ጎረምሳ ወንበሩን እየመታ ይስቃል።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

«ምን ብሎ ነው?» አሉኝ።

«ውኃ ስጡኝ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። የሚያስቀው የቱ ላይ ነው?»

መልስ አጣሁ። ምን ልበላቸው? «የሚያስቀው እርስዎ የሚናገሩበት አነጋገር ነው» ይባላል? የፊልሙ ቀልድ እኮ ያ ብቻ ነበር። ሰውየው ተጠማ፤ ውኃ ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን ዳባት እንደሚጠየቀው ነው። ባላገር ውኃ ሲጠማው ያስቃል ማለት ነው።

ፊልሙ እየገፋ ሄደ። መሐል ላይ ይኸው ዘበኛ ማታ በር ላይ ቆሞ በሞባይል አገሩ ይደውላል። እዚያ ማዶ ያሉት ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ የወጡ ይመስላል፤ እሱም ከሸለቆ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ እየጮኸ ያወራል። መጀመሪያ ስለ በሬው ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ስለ ገብሱ፤ ከዚያ ስለ ጎረቤት ሙግት፤ መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ እናቱ። እነሱም «አንተሳ ምን ሥራ አገኘህ?» ሲሉት ዱላውን ወደኋላው ደብቆ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ «ትልቅ ግቢ ነው የማስተዳድረው!» ይላል። እንግዲህ አስቡት፤ በስልክ እኮ ዱላው አይታይም! አጎቴ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መሳቅ ማቆም አቃታቸው። የታከመ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ «ትልቅ ግቢ!... ትልቅ ግቢ!» ይላሉ። አዳራሹም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከቅድሙ የተለየ ነበር። ጎረምሳው ወንበር አልመታም። ምናልባት እሱም ለእናቱ እንዲህ ያለ ነገር ብሎ ያውቅ ይሆናል። ከተማ ገብቶ ለቤተሰቡ ያልዋሸ ማን አለ?

ያ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ፊልሙ ወደ ቆንጆዎቹ ተመለሰ፤ ዘበኛው በር ከፍቶ ከመዝጋት በቀር ሌላ ሥራ አልተሰጠውም። ስንወጣ አጎቴ ያሉኝን አስታውሳለሁ። «ልጁ ያውቅበታል። ያችን የስልኳን ዓይነት እንዳይጨምር የከለከለው ማነው?»

ከዚያ በኋላ ስለ ፊልም ብዙ አንብቤያለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ግን አላጋጠመኝም። የከለከለው ማነው? ባለጌ ሆኖ ወይም ቂም ይዞ የከለከለ ሰው የለም። የከለከለው አሠራሩ ነው። ቀልደኛው በካሴት ዘመን አባወራ ነበር፤ በፊልም ዘመን እንግዳ ሆነ። ታሪኩን ሌላ ሰው ጽፎታል፤ ካሜራው የሌላ ሰው ነው፤ ቆርጦ የሚቀጥለው ሌላ ሰው ነው። እሱ የሚጠበቅበት «አንተ እንደለመድከው አድርጋት» የሚባለውን ማድረግ ነው። ሲያስቅ ፊልሙ ጥሩ ይባላል፤ ሳያስቅ ሲቀር ኮሜዲያኑ ወደቀ ይባላል።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ የፈረንጅ ምሳሌ ልጥራ። በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ስሙ የሚነሣ በስተር ኪተን የሚባል አሜሪካዊ ነበር። በ1895 እ.ኤ.አ. የተወለደ፣ በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር መድረክ ላይ ያደገ፣ ምንም ቢደርስበት ፊቱ ላይ ፈገግታ የማይታይ ሰው ነው። እሱ አይስቅም፤ እናንተ ግን ትንከተከታላችሁ። በ1928 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ፊልሙ ላይ የአንድ ቤት ግንባር ግድግዳ እንዳለ ይወድቅበታል። ሁለት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባል እውነተኛ ግድግዳ ነበር። ኪተን የተረፈው በትክክል የመስኮቱ ክፍተት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ስለቆመ ብቻ ነው። አንድ ስንዝር ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አልቆለት ነበር። ለእኛ ሳቅ ብሎ ነው እንግዲህ።

ይህ ሰው በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የራሱ ስቱዲዮ ነበረው። ቀልዱን ራሱ ይፈጥራል፤ ያልጣመውን ደግሞ ይቀርጻል። ዛሬ ከታላላቆቹ ፊልሞች ተርታ የሚቆጠረው «ዘ ጄኔራል» በ1926 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ገበያ አላገኘም። በ1928 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮውን ትቶ ኤም.ጂ.ኤም. ለሚባለው ትልቅ ኩባንያ ተቀጠረ። ገንዘቡ ደህና ነበር፤ ግን የጻፉለትን ብቻ እንዲናገር፣ የሰጡትን ብቻ እንዲሠራ ሆነ። መጠጥ ገባ፤ ትዳሩ ፈረሰ፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ኩባንያው አሰናበተው። ከዚያ በርካሽ አጫጭር ፊልሞች ኖረ፤ ኋላም ያው ያባረረው ኩባንያ ለሌሎች ቀልድ እንዲያቀብል በትንሽ ደሞዝ መልሶ ቀጠረው። እሱ ጓዳ ሆኖ ያሰናዳውን ሌሎች ሳሎን ያቀርቡት ጀመር። ሕዝቡ ምን አለ? ያው የእኛ ቡና ቤት የሚለውን ነው፦ «የት ገባ? ጠፋ እኮ!»

ቻፕሊንን የተለየ ያደረገው ችሎታው ብቻ አልነበረም። በ1919 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር የራሱን ኩባንያ አቁሞ ነበር። ብዕሩም ካሜራውም ቁልፉም በእጁ ስለነበር የድምፅ ፊልም መጥቶ ሌሎቹን ሲጠርጋቸው እሱ በራሱ ጊዜና በራሱ መንገድ ተሻገረ። ይህ ማለት ግን ቁልቁለት አላየም ማለት አይደለም፤ በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ እንዳይመለስ በሩ ተዘግቶበታል። በዚያው ዓመት በወጣው «ላይምላይት» ፊልሙ ውስጥ ግን ኪተንን ጠርቶ አብረው አንድ መድረክ ላይ ታዩ። ሁለት ያረጁ ቀልደኞች፣ አንዱ ቁልፉን የያዘ፣ አንዱ ቁልፉን ያስረከበ።

ኪተንን ከቁልቁለቱ ያወጣው ምን መሰላችሁ? አንደኛ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኤጂ የሚባል ጸሐፊ በአንድ ትልቅ መጽሔት ላይ ስለነዚያ ቀልደኞች ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፤ ሰዉም «ለካ!» አለ። ሁለተኛ፣ ፊልሞቹ ተገኙ፤ ከፊሎቹ ድሮ ይኖርበት በነበረው ቤት ተቀምጠው ነበር። ፊልሞቹ እንደገና ሲታዩ በኪተን ጊዜ ያልተወለደ ወጣት ሳይቀር ሳቀ። በ1960 እ.ኤ.አ. የክብር ኦስካር ተሰጠው። በ1965 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ በወራት ውስጥ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ አረፈ። ጭብጨባው ዘግይቶ ቢሆንም ደርሶለታል።

ወደ አገራችን ልመለስና፣ የእኛዎቹም ቁልፉን ሲፈልጉ አይቻለሁ። አለባቸው ተካ ከመድረክ ቀልድ ወደ «አለቤ ሾው» ተሻግሮ፣ የራሱን መድረክ ዘርግቶ እንግዳ ሲያስተናግድ አይተነዋል። በ1997 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሲያልፍ አገሩ ያለቀሰው የቅርብ ዘመዱን እንዳጣ ነው። ጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች»ን ራሱ እየጻፈና እየተጫወተ ለዓመታት በየቤታችን ኖሯል። ብዕሩ በእጁ ስለነበር ነው ለዓመታት የቆየው። ሰይፉ ፋንታሁን በኢቢኤስ፣ እሸቱ መለሰ ደግሞ በዩቲዩብ «ዶንኪ ቲዩብ» ብሎ የየራሳቸውን ቤት ሠርተዋል። በፋና ቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረው «ምን ልታዘዝ»ም አንዲት ካፌ ውስጥ አገር የሚያህል ነገር ሰብስቦ ሲያስቀን ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ከስርጭት ወጣ። ተክለ ሐዋርያት ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያዩት ጥምዝ ዛሬም እዚያው ቦታ አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ቀልደኞቻችን የራሳቸውን ቤት ሲሠሩ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት የመሳቂያ ቤት ሳይሆን የመጨዋወቻ ቤት ነው። እንግዳ ይጠራሉ፤ የሰው ሕይወት ይጠይቃሉ፤ የተቸገረ ያቀርባሉ፤ እንባ ያብሳሉ። ከፊልም ወጥተው የሌላው ታሪክ አድማጭ ይሆናሉ። ደግ ሥራ ነው፤ አልጠላውም። ግን አንዳንዴ ሳስበው፣ ሳቅ ብቻውን ክብር እንደሌለው ስላስተማርናቸው ይሆናል እላለሁ። «ቁም ነገረኛ ነው» እስክንላቸው ድረስ ሰላም የለንም። አለቃ ገብረ ሃና ሊቅ ሆነው በቀልደኝነት ቀሩ፤ የዛሬዎቹ ደግሞ ከቀልደኝነት ለመውጣት ይታገላሉ። በሁለቱም በኩል የሳቅ ዋጋ ወርዷል።

ፊልሙስ? የፊልሙም ገበያ የራሱን ቁልቁለት አይቷል። ፊልም በወጣ በሳምንቱ ቅጂው መንገድ ዳር ሲቸረቸር ኖረ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ አናግሮ ቤታችን አስገባ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲኒማ ቤቶችን አስዘጋ። ፕሮዲዩሰሩ ሲከስር በመጀመሪያ የሚቀንሰው ደግሞ «የጎን» የሚለውን ገፀ ባሕርይ ነው። ዘበኛውም ከሥራ ወጣ።

ለምን እንዲህ እጨነቅለታለሁ ትሉኝ ይሆናል። ስለ ሳቅ ያለኝን ሐሳብ የለወጠው የአገሬ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ እኛ ደጅ ደረሰ። በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የሆነውን ያልሰማ የለም፤ በየደጁ ለቅሶ ነበር። በኋላ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ከአንድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ሐዘንተኛዋ እህል አልቀምስ ብለው ቀናት ተቆጥረዋል። ካህኑ መከሩ፤ ሽማግሌው ተቆጡ፤ እህት አለቀሰች፤ አልሆነም። ከዚያ በጨዋታ አዋቂነቱ የሚታወቅ አንድ የሰፈር ሰው ከጥግ ሆኖ ስለሞተው ልጃቸው ማውራት ጀመረ። ልጁ በሕፃንነቱ የሰው በግ እንዴት «በስህተት» ወደ ቤት እየነዳ እንደመጣ፣ ባለበጉ ሲመጣ «እሱ ነው የተከተለኝ» እንዳለው ነገረን። ቤቱ ጸጥ አለ። እናትየው መጀመሪያ ዝም ብለው ሰሙ፤ ከዚያ «እንዲያ አይደለም፣ በጓ ሁለት ነበሩ» ብለው አረሙት። አርመውም ሳቁ፤ ስቀውም አለቀሱ። ያን ዕለት ማታ አንድ ጉርሻ ዋጡ።

«ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል፤ ሆድ እያረረ ይስቃል ለማለት ነው። ያን ዕለት ያየሁት ግን ሌላ ነው። ያ ሰው የሳቁን መንገድ ያገኘው እናትየውን ከልቡ ስለሚያውቃቸው ነው። አነጋገራቸውን አልቀዳም፤ አላሾፈባቸውም። የስልኩ ዘበኛና ይህ ሰው አንድ ናቸው። አጎቴ የሳቁት የሚያውቁትን ሰው ስላገኙ ነበር።

እንግዲህ እኔ ፊልም ሠሪ አይደለሁም፤ ምክር ለመስጠት አቅሙም የለኝም። ግን እንደ አንድ ትኬት ገዢ ሁለት ነገር መጠየቅ መብቴ ነው። አንደኛ፣ ኮሜዲያኑን ስትጠሩት ብዕር ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ባላገር አድርጋችሁ ከሣላችሁትም ውኃ ከመጠማት ያለፈ ሐሳብ ስጡት፤ እዳ፣ እልክ፣ ፍቅር፣ እናት ይኑረው። ሁለተኛ፣ በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ አቧራ የለበሰውን የቀልድ ካሴትና የበዓል ቪዲዮ የሚሰበስብ ሰው ይገኝ። ኪተን የዳነው ፊልሞቹ ስለተረፉ ነው። የእኛዎቹ ሥራ ግን ቴፑ ሲበላው፣ ልጆች ክሩን መዘው ሲጫወቱበት አይተናል። ያልተቀመጠ ሳቅ ማስረጃ የለውም፤ «አያስቅም» ለሚል ሰው ምን አውጥታችሁ ታሳዩታላችሁ?

ካሴቱ እስኪሰበሰብ ድረስ ደግሞ ሁላችንም የምንችለው አንድ ነገር አለ። ቡና ቤት ውስጥ አንዱ ተነሥቶ «ያ ኮሜዲያን የት ገባ?» ሲል ወሬውን ወደ አሜሪካና ወደ መርካቶ ከመውሰዳችሁ በፊት «ከቀልዶቹ የትኛውን ታስታውሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። አንዱ ማስታወሱ አይቀርም። ይጀምረዋል፤ ሌላው ያርመዋል፤ ሦስተኛው መጨረሻውን ቀድሞ ይናገርበታል። ያን ጊዜ «አሁን እኮ አያስቅም» ብሎ የፈረደው ባለማኪያቶ ሰውዬ ምን እንደሚያደርግ ዞር ብላችሁ እዩት።